የሲሚንቶ ልስን የደበቀው እርጥበት፦ ደሴ ላይ የአንድ ጭቃ ቤት ጥገና

ቤቱ ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ነው። ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ ወርዱ ስድስት ሜትር ይሆናል፤ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ሁሉ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። አክስቴ ልጆቻቸውን አሳድገው የዳሩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት የብሎኬት ቤት እንዲመስል ተብሎ የውጭው ግድግዳ የዶሮ ሽቦ ተመትቶበት በሲሚንቶ ተለሰነ፤ የውስጡም እስከ መስኮቱ ድረስ ሲሚንቶ ገባበት። በክረምት ጭቃ እንዳይረገጥ ደግሞ ግቢው ሊሾ ሆነ። በጊዜው ሰፈርተኛው ሁሉ ያደነቀው እድሳት ነበር።

ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ወደ ተራራው በዞረው ግድግዳ ላይ እርጥበት ይታይ ጀመር። ሐምሌ ሲጋመስ ቀለሙ ያብጣል፤ በነሐሴ ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ይጠቁራል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ፊቱ ላይ ነጭ የጨው ብናኝ ይቀራል። በዚያ በኩል የተቀመጠ ልብስ ይሻግታል፤ አልጋውም ከግድግዳው ተስቦ መሀል ቤት ይከርማል። ለእንቁጣጣሽ የተላላጠው ተፍቆ እንደገና ቀለም ይቀባል፤ በዓመቱ ያው ይደገማል።

በመጨረሻ አንድ ለሳኝ ተጠርቶ አየውና የታችኛው ልስን ተነሥቶ ጠንከር ባለ ሲሚንቶ እንዲመታ መከረ፤ ዋጋውንም ቆረጠ። አክስቴ ገንዘቡን አዘጋጅተው ሳለ ነው ልጆቻቸውና እኔ ነገሩን ደግመን እንየው ያልነው። ያ ገንዘብ ለሲሚንቶ ውሎ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ብዙም ሳይቆይ ይወድቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ልስኑ ሲነሣ ከሥሩ የወጣውን ስላየሁ ነው። በየከተማው በዚሁ መንገድ የታደሱ የጭቃ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን ሥራ ከነዝርዝሩ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ

የመጀመሪያው ሥራ መዶሻም ካዙላም አልጠየቀም። ግድግዳን የሚያረጥብ ውሃ የሚመጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ከጣራ፣ ከመሬት፣ ከላይ ካለው ግቢና ከቧንቧ። ምንም ሳይፈርስ እነዚህን አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ቀላሉ የቧንቧው ነው። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የቆጣሪው ቁጥር ተጻፈ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት ተነበበ። ቁጥሩ ካደረበት አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ የተደበቀ የቧንቧ ፍሳሽ የለም ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ፍተሻ ዋጋ የሚኖረው ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በመስመሩ ላይ ካለ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጣራው ቢያፈስ ኖሮ ምልክቱ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እዚህ ግን ኮርኒሱ ደረቅ ነው፤ ጥቁረቱ ከወለሉ ይጀምርና ጉልበት ጋ ሲደርስ ያበቃል። ይህን ካወቅን በኋላ የቀረው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ወደ ውጭ መውጣትና ቆሞ ማየት ነበር። ቤት የሚጠግን ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሰው ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል፤ ቤቱ የሚጎዳው ግን ያኔ ነው፤ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያየው ካባራ በኋላ፣ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

የቆርቆሮው ጫፍ ከግድግዳው አልፎ የወጣው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር። አሸንዳ የለውም። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ሊሾው ላይ ይፈርጣል፤ ሊሾው ደግሞ አይመጠውምና መልሶ ወደ ግድግዳው ይረጨዋል፤ ርጭቱም ልክ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ከዚያ የባሰው የሊሾው ዝንባሌ ነው፤ ውሃውን ወደ ቤቱ እንጂ ከቤቱ አያርቅም። ከላይ ካለው ግቢ በአጥሩ ሥር የሚሾልከው ጎርፍም እዚያው ሊሾ ላይ ደርሶ የግድግዳውን እግር ተከትሎ ይሄዳል።

መጠኑን ማስላት ከባድ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። የዚህ ጣራ አንደኛው ገጽ ወደ 25 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ይህም ለሐምሌና ለነሐሴ እንግዳ አይደለም፣ በዚያ አንድ ጎን ብቻ 750 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ ከ37 በላይ። ይህ ሁሉ በአንዱ ግድግዳ ሥር ሲደፋ ኖሯል።

የቀድሞው የሣር ክዳን ቤት ይህን ያውቅ ነበር። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ሰፋ ብሎ ይወርዳል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይወጣል። ቆርቆሮ ሲመጣ በቅጠል የሚገዛ ነገር ነውና ሰው ቆጥቦ ጫፉን አሳጠረው፤ ግቢው ሊሾ ሲሆን ደግሞ ቦዩ ተደፈነ።

ጭቃ ለምን ሲሚንቶን አይሸከምም

ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየዓመቱ ይህን ያደርጋል፤ ጭዱ ስለሚይዘውም አይበተንም። እርጥበት የገባበት የጭቃ ግድግዳ በራሱ አያስፈራም፤ ነፋስና ፀሐይ ካገኘ ያስገባውን መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ከጭቃው ጋር አብሮ አያብጥም፣ አብሮም አይኮማተርም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢቀጥንም ርጭቱን ወደ ውስጥ ለመሳብ በቂ ነው። የገባው ውሃ የሚወጣበት ሰፊ ፊት ደግሞ በዚያው ሲሚንቶ ተሸፍኗል። በውጭም በውስጥም የተለሰነ ከሆነ ጭቃው ከበጋ እስከ በጋ ሳይደርቅ ይቀመጣል። በላዩ ላይ ሲሚንቶውን ማጠንከር መውጫውን ይበልጥ መድፈን ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ራንቾስ ዴ ታኦስ በምትባል መንደር፣ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ዝነኛ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የየዓመቱን የጭቃ ልስን ለመገላገል ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። ከሥሩ ውሃ ታምቆ ግድግዳውን እየበላ መሆኑ ሲታወቅ በ1979 ሲሚንቶው ተላጦ ወደ ጭቃ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ምእመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው በጭቃ ይለስኑታል። ይህን ታሪክ ለአክስቴ ስነግራቸው፣ "ፈረንጅም እንደኛ ተታሎ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ፤ ሥራው የተፈቀደውም በዚያው ነበር።

ልስኑ ሲነሣ

ከቀበሌ የጥገና ፈቃድ ተወሰደ። ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ ይህም በምክንያት ነው። ደሴ የክረምት ዝናብ ብቻ ሳይሆን የበልግም ዝናብ አላት፤ ስለዚህ ጭቃ ተመርጎ በደንብ የሚደርቅበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ከየካቲት ወዲያ የተጀመረ ምርጊት እርጥብ እያለ ዝናብ ሊያገኘው ይችላል።

ልስኑ በጣት አንጓ ሲንኳኳ ከመስኮቱ በላይ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ከመስኮቱ በታች ባዶ ሣጥን የተመታ ያህል ይጮሃል። መሮው ከታችኛው ጠርዝ ገብቶ ትንሽ ቢነቀነቅ ሲሚንቶው ከነሽቦው በሰፊ ቁራጭ ተገንጥሎ መጣ። ሽቦው ዝጎ በእጅ ይሰበራል። ከሥሩ ያለው ጭቃ ጥቁር ነበር፤ ስድስት ሳምንት ያህል ዝናብ ሳይጥል ቆይቶ እንኳ ሲጨመቅ ጣትን ያረጥባል። ጭዱ በስብሶ ጠፍቷል፤ በቦታው የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። በማገሮቹ ላይ የምስጥ መንገድ ወደ ላይ ወጥቷል።

ቋሚዎቹን በካቻቢቴ ፈተንናቸው። ጤነኛ ባሕር ዛፍ ጫፉን እንኳ አያስገባም። በዚያ ግድግዳ ካሉት ሰባት ዋና ቋሚዎች በአራቱ ካቻቢቴው ያለ ትግል እስከ እጀታው ገባ። የሚገርመው፣ ብስባሹ ከመሬት በላይ ከሁለት ስንዝር አያልፍም፤ መሬት ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀበረው ክፍልም ከዚያ ይሻላል። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር አብረው በሚገኙበት ቦታ ነው፤ ያም የመሬቱ ፊት ላይ ነው። ይህን ማወቅ ብዙ ገንዘብ አዳነ፤ ቋሚዎቹን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ መለወጥ አላስፈለገምና።

በዚህ መሀል የኤሌክትሪክ ሽቦ ወጣ። ያለ መከላከያ ቱቦ በልስኑ ውስጥ ተቀብሮ፣ በእርጥቡ ጭቃ አልፎ ወደ ሶኬት ይሄዳል። ሥራው እዚያው ቆመ፤ ዋናው ማጥፊያ ተዘጋ፤ ሙያተኛ ተጠርቶ መስመሩን በቱቦ ከላይ በኩል አዛወረው። በገዛ እጅ መሥራት ክብርም ቁጠባም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ ያለ ባዶ ሽቦ ሰው ይገድላል። የማዕዘን ቋሚዎቹንም ብንሆን ያለ አናጢ አልነካናቸውም።

መጀመሪያ ውሃውን መመለስ

አንድም ጭቃ ሳይነካ ውሃው መንገድ ተሠራለት። በጣራው ጫፍ ላይ ሞራሌ ወደ ውጭ ተቀጥሎ አዲስ ቆርቆሮ ከነባሩ ሥር ገባና ጫፉ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ ሆነ። አዲሱ ከሥር መግባቱ ግድ ነው፤ ከላይ ቢደረብ ውሃው በመገጣጠሚያው ወደ ቤት ይመለሳል። ከዚያ አሸንዳ ተሰቀለ፤ መውረጃው በርሜል ውስጥ ይገባል፣ በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ ወደ ቦዩ ይሄዳል። አክስቴ አሁን የክረምት ልብስ የሚያጥቡት በዚያ ውሃ ነው።

ሊሾው ከግድግዳው ሥር በ70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተሰብሮ ተነሣ። አፈሩ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተስተካክሎ ጠጠር ለበሰ፤ ጠጠር ላይ የወደቀ ጠብታ እንደ ሊሾው አይረጭም። ከዚያ ወጣ ብሎ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ርቆ፣ ከላይኛው ግቢ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ ተቆፍሮ በድንጋይ ተገነባ። መጨረሻው የመንገዱ የውሃ መውረጃ ነው።

የቦዩ ዝንባሌ በዓይን አይታመንም፤ ተዳፋት ላይ ዓይን ይዋሻል። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ርካሽ ዘዴ አለ፦ ውስጡ የሚታይ ረጅም የውሃ ጎማ። ጎማው አየር እንዳይቀርበት ቀስ ተብሎ በውሃ ይሞላል፤ ሁለቱ ጫፎች በሁለት የተቸከሉ እንጨቶች ላይ ይያዛሉ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ የሚቆምበት ቦታ አንድ ልክ ነው። በየእንጨቱ ምልክት ይደረግና ከምልክቱ ወደ ታች ይለካል። በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ፈልገን ስለነበር በስምንት ሜትሩ ውስጥ የ16 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ወጣ። ከአክስቴ ልጆች ትንሹ ቦዩ ሲያልቅ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ደፍቶ እስከ መንገዱ ተከትሎት ሄደ፤ ውሃው የትም አልቆመም።

ቋሚዎቹና ድንጋዩ

ለዚህ ሥራ አንድ አናጢ ቀጠርን፤ እኛ ረዳን። ጭቃው ከታች 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሣ፤ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ ግራና ቀኝ ካለው አይበልጥም ነበር። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ቢራቆት ጣራው የሚይዘው ያጣል። ጣራውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከቋሚው በሁለት ወገን በፑንቴሎ ተደገፈ፤ ከፑንቴሎው ሥር መሬት እንዳይበላው ጣውላ ተነጠፈ፤ በሽብልቅ ቀስ እየተባለ ክብደቱ ወደ ድጋፉ ዞረ። ሽብልቁ የሚመታው እንጨቱ መጨነቅ እስኪጀምር እንጂ ጣራው እስኪነሣ አይደለም፤ ከዚያ ካለፈ ከላይ ያለው ደረቅ ጭቃ ይሰነጠቃል።

የበሰበሰው ክፍል ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቆረጠ። በቦታው፣ ከግቢው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ እግር በሲሚንቶና በአሸዋ ተገነባ፤ አጭር የባሕር ዛፍ ቁራጭ በላዩ ቆሞ ከነባሩ ቋሚ ጋር ግማሽ በግማሽ ተፈልፍሎ ተጋጠመና በሁለት ብሎን ታሰረ። ሲሚንቶ የሚገባበት ቦታ ይህ ነው፦ ከድንጋይ ጋር፣ መሬት ላይ። ጥድ ወይም ወይራ ቢሆን ምስጥም ብስባሴም ይበልጥ ይቋቋማል፤ ግን የአገሩን ጥድ ለዚህ መቁረጥ ሕሊናም አይፈቅድ፣ ዋጋውም አይቀመስ። እንጨቱ ከመሬት ከራቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም በዚያው ከፍታ በድንጋይ ተሞላ፤ ጭቃው ከአሁን በኋላ የሚጀምረው ከድንጋዩ በላይ ነው።

ጭቃው

በሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ወጣት ሳሉ ቤት ሲመርጉ የኖሩ። አባባ እንላቸዋለን። ከግድግዳው የወረደውን አሮጌ ጭቃ ልንጥል ስንል ያስቆሙን እሳቸው ናቸው። የበሰበሰው ጥቁሩ ተለይቶ ተጣለ፤ ደኅናው ተፈርክሶ፣ ተነክሮ፣ ከአዲስ አፈር ጋር ተቀላቀለ። አንዴ ጭቃ የሆነ አፈር ባሕርይው የታወቀ ነው።

አዲሱን አፈር በብርጭቆ ማሰሮ ፈተንነው። ማሰሮው እስከ ግማሹ አፈር፣ ከዚያ በላይ ውሃ ይሆንና ተንጦ ይቀመጣል። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፤ ደቃቁ አፈር በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፤ ውሃውን አደፍርሶ የሚያድረው ሸክላው ነው። የእኛ አፈር ሸክላው በዝቶ ነበርና አሸዋ ተጨመረበት፤ ሸክላ የበዛበት ጭቃ ሲደርቅ ክፉኛ ይሰነጠቃል። አባባ ማሰሮውን በትዕግሥት አይተው፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ጭቃ በመዳፋቸው ጠቅልለው፣ በጣታቸው ዘርግተው ሲቆረጥ አዩና እኛ በአንድ ሌሊት የደረስንበትን ውጤት ቆመው ነገሩን።

የጤፍ ጭድ ገባበትና በእግር ተረገጠ። የረገጡት የጎረቤት ወጣቶች ናቸው፤ ደቦ ነበር፣ ቡናውም ምሳውም የአክስቴ። በማግስቱ ለመምረግ ስንነሣ አባባ ከለከሉ። "ልጄ፣ ይኼን ዛሬ ብትመርገው ነገ ይረግፍሃል። እስኪሸት ተወው" አሉኝ። ላስቲክ ለበሰ፤ ውሃ እየተጨመረ በየጊዜው ይረገጣል። ከሳምንት በላይ ሲቆይ ጭዱ ለሰለሰ፤ ጭቃው ሸተተ፤ በእጅ ሲያዝ እንደ መጀመሪያው ቀን አይቆራረስም፣ ይሳባል። ችኮላ ካለ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የቸኮለ ሰው ጭቃ የማይረባ ነው ብሎ ወደ ሲሚንቶ የሚመለሰውም ከዚህ ተነሥቶ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ምርጊት በማገሮቹ መሀል በኃይል እየተወረወረ ገባ፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አክስቴ ደነገጡ፤ አባባ ግን ያንን ሲጠብቁ ነበር። ስንጥቁ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ነው። ግድግዳው ውሃ ተርከፍክፎበት ሁለተኛው፣ ቀጠን ያለው፣ ተመረገ። የመጨረሻው ልስን በወንፊት ከተነፋ አፈር፣ ከአሸዋና ከትኩስ እበት ተሠርቶ በፍራታዞ ተስተካከለ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከተጠበቀ በኋላ በኖራ ተቀባ፤ እርጥበት የሚያሳልፍ በመሆኑ የተመረጠው ኖራ ነው። የዘይት ቀለም ከሲሚንቶው ያላነሰ ያፍነው ነበር።

ወጪውን በብር አልጽፍም፤ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቆይቶ የሚያነበውን ሰው ያሳስታል። ለሳኙ ከጠየቀው ግን በግልጽ ያነሰ ነበር፤ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት አሸንዳው፣ ቆርቆሮውና የአናጢው ደመወዝ ናቸው። ጭቃው ራሱ ከጭዱ ዋጋ በቀር ከጉልበትና ከምሳ በላይ አልጠየቀም።

ከክረምቱ በኋላ

በቀጣዩ ክረምት ግድግዳው በየጊዜው ታየ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከድንጋዩ በላይ ያለው ጭቃ በውጭ በኩል በንፋስ ዝናብ ይረጥብና ፀሐይ በወጣ በማግስቱ መልሶ ይነጣል። በውስጥ በኩል ያ የጉልበት ልክ ጥቁረት አልመጣም። አልጋው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ከረመ። ልብሱም አልሻገተም።

ሁሉም ግን አልተሳካም። በረዶ በጣለበት አንድ ቀን አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ በጥጉ በኩል ሞልቶ ፈሰሰና የማዕዘኑን ልስን አጠበው። በእበትና በአፈር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠገነ፤ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም። አሁን አሸንዳው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አለ፤ ቅጠሉ ሰኔና ሐምሌ ላይ በእጅ ይጸዳል። ምሥራቃዊው ማዕዘን ደግሞ አሁንም ጥቂት ይረጥባል። እዚያ ጋ የጎረቤት አጥር ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ስለቆመ ቦዩን ማሳለፍ አልተቻለም። ጎረቤትየው ከአክስቴ ጋር ተነጋግረው አጥሩን ግማሽ ሜትር ለማራቅ ተስማምተዋል፤ ቦዩ በዚያ በኩል የሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ነው።

የሌሎቹ ሦስት ግድግዳዎች ሲሚንቶ ገና አልተነሣም። ከላይኛው ግድግዳ ያነሰ ውሃ ስለሚያገኛቸው ቋሚዎቻቸው በካቻቢቴ ሲፈተኑ ደኅና ሆነው ተገኝተዋል፤ አሸንዳው ግን በዚያኛው የጣራ ገጽ ላይም ተሰቅሏል። አክስቴ ሲሚንቶውን በየዓመቱ አንድ ግድግዳ እያሉ ሊያስነሡ ወስነዋል። ለቀጣዩ ምርጊት የሚሆነውን ጭድ ከወዲሁ ገዝተው በማዳበሪያ ጆንያ አስቀምጠዋል።